ጎጆ ላይ ያለች ወፍን ቀርቦ ፎቶ ማንሳት፦ «ጉዳት የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሠፈር አትክልት ቦታ ጎጆ የሠሩ ወፎችን ፎቶ ስለማንሳት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተመልክቻለሁ። ጸሐፊው ወፎችን ከልቡ የሚወድ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል፤ ፍላጎቱም ሰዎች በደጃቸው ያለውን ሕይወት ቆም ብለው እንዲያዩ ነው። ክርክሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የአትክልት ቦታ ወፎች ሰው የለመዱ ስለሆኑ እስከ ጎጆው ድረስ ቀርቦ ማንሳት አይጎዳቸውም፤ እናቲቱ ካልበረረች አልተረበሸችም ማለት ነው፤ እይታ የሚከልል ቅርንጫፍ ለጊዜው ገለል ቢደረግ ችግር የለውም፤ ሰው የቀረበውን ጎጆ ወፎች ይጥሉታል የሚባለው ተረት ነው፤ ተመራማሪዎችም የቀድሞ ታላላቅ ፎቶ አንሺዎችም ጎጆ አጠገብ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ከመጀመሪያው ጭራሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀን ያለውን ታሪክ ያንሳ፣ የወፎች ፍቅርም በዚያ ይስፋፋ ይላል።

ይህን ምላሽ የምጽፈው ነገሩን ከሩቅ ሆኜ ለማውገዝ አይደለም። እኔም በአንድ የጋራ አትክልት ቦታ ካሜራ ይዤ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ ጽሑፉ ከሚመክረው ውስጥ ያላደረግሁት ጥቂት ነው። ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በዋናነት በመለኪያው ነው። እርሱ ጉዳትን የሚለካው ፎቶ አንሺው ቆሞ በሚያይባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በዓይን በሚታየው ነገር ነው። ጎጆ የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ ዕቃችንን ሰብስበን ከሄድን በኋላ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጽሑፉ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» እያለ የሚጠቅሳቸው ገጠመኞች ጸሐፊው እዚያ እስከቆመ ድረስ ምንም እንዳልሆነ ከማሳየት በቀር ሌላ የሚያረጋግጡት ነገር የላቸውም።

ወፎቹ ሰው ለምደዋል ከሚለው ልጀምር። እውነት ነው፣ ለምደዋል፤ ነገር ግን የለመዱት በመንገዱ የሚያልፍን፣ ውኃ የሚያጠጣን፣ አረም የሚነቅልን፣ በአጠቃላይ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ የራሱን ሥራ የሚሠራን ሰው ነው። ፎቶ አንሺ ይቆማል፤ ፊቱን ወደ ጎጆው ያዞራል፤ ዓይኑን ሳይነቅል እያየ ቀስ በቀስ በቀጥታ ይጠጋል። ይህ አኳኋን አድፍጦ ከሚቀርብ ድመት አኳኋን ጋር አንድ ነው። በምመላለስበት አትክልት ቦታ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ከጎጆው ሁለት እርምጃ ርቀው ሲኮተኩቱ የታቀፈችው ወፍ ዞር ብላ እንኳ አታያቸውም ነበር፤ እኔ ግን አሥር እርምጃ ላይ ሆኜ ካሜራዬን ወደ እርሷ ሳነሳ አንገቷን መዘዝ አድርጋ ትደርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ስታርሊንግ በተባሉ ወፎች ላይ የታተመ አንድ ጥናትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው፤ አንድ ሰው ዓይኑን ወደ ምግብ ሳሕናቸው ሲያነጣጥር ወፎቹ ወደ ምግቡ ለመቅረብ ዘግይተዋል፤ ያው ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመልስ ግን ፈጥነው መጥተው በርትተው በልተዋል። እንግዲህ የሰው ዓይን አቅጣጫ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ፣ ትልቅ ክብ መስተዋት ያለው ሌንስ ፊት ለፊት ሲደቀን ወፏ እንደ ተራ አላፊ አግዳሚ ትቆጥረዋለች ማለት ይከብደኛል።

ጽሑፉን በሙሉ የተሸከመው ምሰሶ ግን «ካልበረረች አልተረበሸችም» የሚለው ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እንቁላል የታቀፈች ወፍ አደጋ ሲቀርባት ወይ ትነሣለች፣ ወይ ደርቃ ትቀመጣለች። ደርቆ መቀመጥ ራሱን የቻለ መከላከያ ነው፤ አዳኝ እንስሳ ቀድሞ የሚያየው እንቅስቃሴን በመሆኑ፣ የላባዋ ቀለም ከቅጠሉና ከጭራሮው ጋር የተመሳሰለ ወፍ ካልተነቃነቀች ሳትታይ ልትታለፍ ትችላለች። ስለዚህ በተቀመጠችበት መቆየቷ ስለ ፍርሃቷ መጠን የሚነግረን ነገር የለም። የልብ ምት መለኪያ በመጠቀም በታቀፉ ፔንግዊኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሰው ሲቀርባቸው ከጎጇቸው ንቅንቅ ሳይሉ የልብ ምታቸው ከፍ ሊል እንደሚችል አሳይተዋል። ፔንግዊን የአትክልት ቦታ ወፍ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከውጭ የሚታየው ጸጥታ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደማይችል ለመረዳት ይህ በቂ ይመስለኛል።

መረበሿን የሚናገሩ ሌሎች ምልክቶች ደግሞ ለሚያውቃቸው ሰው ግልጽ ናቸው። ላባዋን አጣብቃ ሰውነቷ ቅጥን ይላል፤ ጅራቷን ቶሎ ቶሎ ታንቀሳቅሳለች፤ ከጎጆው ወጣ ብላ አንድ ዓይነት አጭር ድምፅ እየደጋገመች ትጮኻለች። ከሁሉም በላይ ግን ምንቃር ሙሉ ምግብ ይዞ ወደ ጎጆው አለመግባት አለ። ጸሐፊው በደስታ የሚገልጸው አንድ ትዕይንት ይህን ይመስላል፦ አባትየው አባጨጓሬ በምንቃሩ ይዞ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለ ለረጅም ጊዜ ስለቆየ፣ ለፎቶ የተመቸ፣ ሰውን የማይፈራ ወፍ ነበር ይላል። ይህን አንብቤ አዘንሁ። ያ ወፍ ልጆቹን ለማብላት መጥቶ ሰውየው እስኪሄድለት ይጠብቅ ነበር። ከካሜራው በስተጀርባ ሆኖ እንደ ድፍረት የታየው ነገር የመንገድ መዘጋት ነው።

ይህ መዘጋት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ቲት የሚባሉትን የመሰሉ ትናንሽ ነፍሳት በል ወፎች ጫጩቶቻቸውን ለማብላት በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳሉ። ባልና ሚስቱ በ12 ሰዓት የቀን ብርሃን 300 ጊዜ ይመላለሳሉ ብንል በሰዓት 25 ጊዜ ማለት ነው፤ ፎቶ አንሺ 40 ደቂቃ ጎጆው ፊት ቢቆም ወደ 17 የሚጠጋ ጉርሻ ይቀራል። በተጨማሪም የአብዛኞቹ የዜማ ወፎች ጫጩቶች ራቁታቸውን ተፈልፍለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ፣ እናታቸው ውጭ በቆየች ቁጥር ምግቡም ሙቀቱም አብረው ይጓደላሉ።

ቅርንጫፍ ገለል ማድረግን በተመለከተ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት እንቁላል ያለበት ጎጆ አገኘሁ። ፊቱን የሸፈኑትን ሁለት ቀንበጦች በክር ስቤ አሰርሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አነሳሁ፤ ከዚያም ጽሑፉ እንደሚመክረው ክሩን ፈትቼ ቀንበጦቹን መለስሁ። የተመለሱ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳልፍ ግን አንደኛው ቀንበጥ ጠውልጎ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ከመንገዱ ላይ ጎጆው ወለል ብሎ ይታያል። በሦስተኛው ቀን አንድም እንቁላል አልነበረም። ቁራ ይሁን ድመት ወይስ አይጥ አላየሁም፤ እኔ ባልነካውም ኖሮ ሊጠፋ ይችል እንደነበር አልክድም፤ ለዜማ ወፎች ጎጆ መክሸፍ ዋነኛው ምክንያት በአዳኝ መበላት ነውና። ቀዳዳውን የከፈትሁት ግን እኔ ነኝ። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየሁም።

ወፏ ያንን ቦታ የመረጠችው ለዚያ ቅጠል ስትል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቅጠሉ ከአዳኝ ዓይን ይሰውራል፣ ዝናብ ይከላከላል፣ ከሁሉም በላይ ጥላ ይሰጣል። በእንቁላል ውስጥ ያለ ፅንስ በደንብ የሚያድገው ወደ 37 ወይም 38 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ነው። ለጥቂት ጊዜ ቢቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል ወይም ይቆማል እንጂ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሲቆይ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ስለ ብርድ ሲጨነቅ እመለከታለሁ፤ ቅጠል ተገልጦለት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት ጎጆ ግን ከቀዘቀዘው ይልቅ ፈጥኖ ሊጠፋ ይችላል። ወደ ቁጥቋጦው ስንመላለስ የምንረግጠው ሣርም ለድመት የተጠረገ መንገድ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ነጥብ ጸሐፊው ትክክል ነው፤ እናት ወፍ የሰው እጅ ሽታ ስላረፈበት ብላ ጫጩቷን አትጥልም። ይህ በየቦታው የሚነገር ስሕተት በመሆኑ ማረሙ መልካም ነው። ነገር ግን ሽታ ምክንያት አይደለም ማለት ወፎች ጎጆ አይጥሉም ማለት አይደለም። ወፍ ጎጆዋን የምትጥለው ቦታው አደገኛ ሆኗል ብላ ስትፈራ ነው፤ ይህንንም ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የምታደርገው ገና ስትሠራ፣ እንቁላል ስትጥል እና በመታቀፍ የመጀመሪያ ቀናት ነው። እስከዚያ ያወጣችው ድካም ገና ጥቂት ስለሆነ ሌላ ቦታ ሄዳ እንደገና መጀመር ይቀላታል። ጫጩቶቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን ጸንታ ትቆማለች። ጽሑፉ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጭራሮ ጀምራችሁ አንሱ ሲል አንባቢውን የሚልከው ጎጆው በቀላሉ በሚጣልበት ጊዜ ነው። ብዙ ትናንሽ ወፎች በቀን አንድ እንቁላል እየጣሉ፣ መታቀፍ የሚጀምሩት የመጨረሻው እንቁላል ሊጣል ሲል ወይም ከተጣለ በኋላ መሆኑንም እዚህ ላይ ልጨምር፤ እናት የሌለችበትን ጎጆ «የተተወ ነው» ብሎ ቀርቦ የሚነካ ሰው ብዙ ነውና።

የመጨረሻው ቀንም ከመጀመሪያው አይሻልም። ጫጩቶቹ ጎጆውን ሞልተው፣ ላባ አውጥተው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚታየው ምስል እጅግ የሚያምር ነው፤ ጽሑፉም ከሁሉ የሚያሞካሸው እርሱን ነው። ችግሩ በዚያ ዕድሜ ያሉ ጫጩቶች ሲደነግጡ መብረር ሳይችሉ በአንድ ጊዜ ዘለው መውጣታቸው ነው። አንዴ ከወጡ መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ እንደገና ይዘላሉ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድሞ መሬት ላይ የወረደ ጫጩት ድመት ባለበት ሠፈር ምን እንደሚገጥመው መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ተመራማሪዎች ጎጆ ይጎበኛሉ የተባለው እውነት ነው፤ የሚጎበኙበትን ሥርዓት አብሮ አለመጥቀስ ግን ግማሹን እውነት መደበቅ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ላቦራቶሪ የሚያስተባብረው ኔስትዎች የተባለው የጎጆ ክትትል ሥራ ለበጎ ፈቃድ ተሳታፊዎቹ የሚሰጠውን ምክር እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ጉብኝቱ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ እንዲሆን፣ ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ በመታቀፍ መጀመሪያ ቀናት በማለዳ እንዳይቀርቡ፣ አየሩ ሲከፋ እንዲተዉት፣ ጫጩቶቹ ለመውጣት ሲቃረቡም ጨርሶ እንዳይጠጉ ይመክራል። ይህ ከ40 ደቂቃ የፎቶ ቆይታ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። ደግሞም ተመራማሪው የከሸፈውን ጎጆ ከተሳካው እኩል ይመዘግባል፤ ፎቶ አንሺ የሚያሳየው የተሳካለትን ብቻ ነው።

የቀድሞዎቹ ታላላቅ ፎቶ አንሺዎች ጉዳይ ደስ የሚል ርእስ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉት የእንግሊዝ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶ አንስተዋል፤ ብዙዎች በዓይነቱ የመጀመሪያው አድርገው ይቆጥሩታል። ወፎቹ እንዳይሸሹባቸው በሬ የሚመስል ውስጡ ክፍት መደበቂያ እስከ መሥራት ደርሰዋል። ኤሪክ ሆስኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ጎጆ ያላትን ጉጉት ለማንሳት ሲሞክር በጥፍሯ ተመትቶ ግራ ዓይኑን አጥቷል። እነዚህ ሰዎች ጎጆ አጠገብ የሠሩት በዘመኑ ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው፤ የካሜራው ፊልም ወይም መስተዋት ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ነበር፣ ወፍን ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስም እንደ ዛሬው በየሰው እጅ አልነበረም፤ ወፏም በእርግጠኝነት ተመልሳ የምትመጣበት ቦታ ጎጆዋ ብቻ ነበር። ዛሬ 400 ወይም 600 ሚሊሜትር ሌንስ በእጁ የያዘ፣ ካሜራው በደብዛዛ ብርሃን ያለ ድምፅ የሚያነሳለት ሰው የእነርሱን ምክንያት መዋስ አይችልም። ከእነርሱ የምንወርሰው ነገር ካለ መደበቂያውን ነው፤ ጽሑፉ ግን ስለ መደበቂያ አንድ ቃል አላነሳም።

ፍላሽ ያሳውራል የሚለውን ስጋት ጸሐፊው ማጣጣሉ ብዙም አያከራክረኝም፤ በቀን ብርሃን ለአንድ አፍታ የሚበራ ፍላሽ ወፍን ያሳውራል ብዬ አልከራከርም። በሌሊት ጎጆ ላይ ማብራት ግን እናቲቱን በጨለማ ሊያስበረግግ የሚችል ድርጊት በመሆኑ ሊፈቀድ አይገባም። በራሴ ግቢ ማንም አያዝዘኝም የሚለውም በብዙ አገር ሕግ አይደገፍም፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሕግ በሥራ ላይ ያለን የዱር ወፍ ጎጆ ሆን ብሎ ማበላሸትን የሚከለክለው ጎጆው በማን ግቢ ውስጥ እንዳለ ሳይለይ ነው፤ በዝርዝር የተጠቀሱ አንዳንድ ወፎችን ደግሞ ጎጇቸው ላይ ሆን ብሎ መረበሽ ብቻውን ወንጀል ነው።

ጎረቤት ሁሉ ይምጣ የሚለው ጥሪ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ እርሱ ነው። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ቆሞ ቢሄድ ወፏ ልትችለው ትችል ይሆናል። 12 ጎረቤቶች በየተራ አሥር አሥር ደቂቃ ቢቆሙ ግን ሁለት ሰዓት ነው፤ እያንዳንዳቸው «እኔ የቆምሁት ለአፍታ ነው» ብለው በእውነት ሊምሉ ይችላሉ፤ ወፏ ግን የምትቆጥረው ሁለቱን ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የስልክ ካሜራ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ አብሮ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ይህ አገልግሎት ሳይዘጋ የተላከ ፎቶ የጎጆውን አድራሻ ይዞ ሊዞር ይችላል። ፎቶ ፍቅርን ያስፋፋል በሚለው እስማማለሁ፤ እኔም ወፎችን የወደድሁት በፎቶ ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪ የሚማረው ባየው ምስል ነው፤ ምስሉ ደግሞ እንዴት እንደተነሳና በኋላ ምን እንደሆነ አይናገርም። አንዳንድ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ውድድሮች ጎጆ ላይ የተነሳን ፎቶ አንቀበልም ማለታቸው በዚሁ ምክንያት ተገቢ ይመስለኛል።

የጎጆውን ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ወፎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ወቅቱ ሳይደርስ፣ በጎጆ ሣጥን ውስጥ ትንሽ ካሜራ ተክሎ ቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን የመራቢያው ወቅት ጎጆውን ሳያሳዩ በሚነገሩ ታሪኮች የተሞላ ነው። ጭራሮና ላባ ይዛ የምትበር እናት፣ የጫጩቶቹን ኩስ በነጭ ከረጢት እንደተቋጠረ በምንቃሩ ይዞ ርቆ የሚጥል አባት፣ ከጎጆ ከወጡ በኋላ በቅርንጫፍ ላይ ተሰልፈው የአፋቸው ጠርዝ ገና ቢጫ እንደሆነ ምግብ የሚለምኑ ልጆች አሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙዎች የማያውቁት ሀብት ነው፤ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ከጎጆ ውጭም ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለሳምንታት ያበሏቸዋል፤ ጽሑፉ የሚመኘው ያ የተከፈተ አፍና የእናት ጉርሻ በግልጽ ብርሃን፣ ቅጠል ሳይነካ ይገኛል። ርቀትን በተመለከተ ለሁሉም ወፍ የሚሆን አንድ ቁጥር ልሰጥ አልችልም፤ እኔ የምከተለው የመጀመሪያውን የመረበሽ ምልክት ባየሁበት ቦታ ቆሜ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ወላጆቹ እንደልባቸው መግባትና መውጣት ካልጀመሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መሄድን ነው።

ጸሐፊው በመጨረሻ የሚያነሳው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ሊከበር የሚገባው ነው። ረጅም ሌንስ ውድ ነው፤ ስልክ ብቻ ያለው ሰው ካልቀረበ ምን ያንሳ? ይላል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ወፏ በጎጆዋ ስትሆን መሸሽ ስለማትችል ነው ቀላል የምትመስለው፤ ስለዚህ መሸሽ በምትችልበት ቦታ እንገናኛት። ከጎጆው በደንብ ራቅ ባለ ገላጣ ስፍራ፣ ጥልቀቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር የሆነ ሰፊ ሳሕን ውኃ ሞልቶ፣ አጠገቡ ለማረፊያ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተክሎ፣ ውኃውን በየቀኑ እየለወጡ ለጥቂት ቀናት መተው ነው። ከዚያ ስልኩን ከሳሕኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ በድንጋይ አስደግፎ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ከፍቶ፣ ሰውየው ራሱ ርቆ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። እኔ በአምስተኛው ቀን ላይ ነው ያገኘኋት፤ ደረቷ ላይ ያለው ላባ በመታቀፍ ወቅት የሳሳ እናት ወፍ መጥታ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ወርዳም ሙሉ ሁለት ደቂቃ ታጠበች።